የጥቍር ለባሾቹ አምበል፤ የዴቪድ ጋላሄር የሕይወት ታሪክ

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ የስፖርት ቡድኖች ብዙ ናቸው። ከነዚህም አንዱ ከኒው ዚላንድ የወጣው ኦል ብላክስ የተባለው የራግቢ ቡድን ነው። የስሙ ትርጕም ሁሉም ጥቍር ማለት ስለ ሆነ፣ ይህን የሰማ ሰው ስሙ ከተጫዋቾቹ የቆዳ መልክ የመጣ ሳይመስለው አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሸሚዛቸው፣ ቁምጣቸውና ካልሲያቸው ጥቍር በመሆኑ ነው። ዛሬ የዚህ ቡድን ተጫዋቾች ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ የዓለምንም ዋንጫ በ1987፣ በ2011ና በ2015 ዓ.ም. ወስደዋል። ይህ ሁሉ ክብር ግን የተጀመረው በቀን 3 ሽልንግ ብቻ እየተቀበሉ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ሩቅ አገር በሄዱ ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ነው። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት የነዚያን ሰዎች አምበል የዴቪድ ጋላሄርን ታሪክ ነው።

ይህን ሰው የመረጥሁት ብዙ ጊዜ ስላሸነፈ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው የሌሎች አለቃ የሚሆነው ከበላይ ስለ ተሾመ ነው ወይስ ከበታች ያሉት ስለ ተቀበሉት ነው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የጋላሄር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘሁት፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ መምህራንና ወላጆችም ቢያነቡት ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ራግቢን የሚያውቅ በመካከላችን ጥቂት ስለ ሆነ፣ ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል ልናገር። በራግቢ ከያንዳንዱ ወገን 15 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው፤ በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይመታል። ነገር ግን በእጅ ማቀበል የሚቻለው ወደ ጐን ወይም ወደ ኋላ ብቻ እንጂ ወደ ፊት ክልክል ነው። ኳሱን የያዘውን ሰው ባላጋራው ጨብጦ ይጥለዋል። ኳሱን ይዞ ከባላጋራው የግብ መስመር አልፎ መሬት ያስነካ ተጫዋች ትራይ አገባ ይባላል፤ ይህም በዚያ ዘመን 3 ነጥብ ያስገኝ ነበር። አንዳንድ ጥፋት ሲፈጸም ደግሞ የሁለቱ ወገን የፊት ተጫዋቾች ጐንበስ ብለው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይገፋፋሉ፤ ኳሱም በመካከላቸው ይጣላል። ይህ መገፋፋት ስክራም ይባላል። ለኋላው ታሪክ ስለሚጠቅም ይህን ልብ በሉልኝ።

ዴቪድ ጋላሄር የተወለደው በአየርላንድ አገር፣ ዶኔጋል በሚባለው አውራጃ፣ ራሜልተን በምትባል ትንሽ ከተማ በኦክቶበር 30 ቀን 1873 ዓ.ም. ነው። አባቱ ባለ ሱቅ ነበር፤ እናቱ ማሪያ ደግሞ የትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ዴቪድ ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1878 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ሌዲ ጆሴሊን በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ወደ ኒው ዚላንድ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ ካቲካቲ በምትባል ሥፍራ አዲስ መንደር ተቋቍሞ፣ ከአየርላንድ ለሚመጡ ሰዎች መሬት ይሰጥ ነበር። ነገር ግን የደረሳቸው መሬት እንደ ተወራለት አልሆነም፤ ጫካውን መንጥሮ ማረስ ከባድ ነበር፤ አባትዬውም በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። ስለዚህ ቤተ ሰቡን የምትመግበው እናቲቱ ሆነች፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት እያስተማረች ብዙ ልጆቿን ታሳድግ ጀመር።

ይህች ብርቱ ሴት በ1887 ዓ.ም. በካንሰር በሽታ ሞተች። ዴቪድ ገና 14 ዓመት አልሞላውም ነበር። ታናናሾቹ ብዙ ስለ ነበሩ ትምህርቱን ትቶ ከታላላቅ ወንድሞቹ ጋራ ሥራ መሥራት ግድ ሆነበት። የመምህርት ልጅ ሆኖ ሳለ ከትምህርት ቤት በዚህ ዕድሜ መውጣቱ የሚያሳዝን ነው። ሆኖም ኋላ በጨዋታ ሜዳ ያሳየውን ማስተማርና ማሠልጠን ሳስብ፣ የእናቱ ሙያ በልጇ ላይ ሳይወርስ እንዳልቀረ ይሰማኛል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንድማማቾቹ ኦክላንድ ወደምትባለው ትልቅ ከተማ ሄዱ። ዴቪድ በመጨረሻ ሥራ ያገኘው የበግ ሥጋ በበረዶ እያቀዘቀዘ ወደ ውጭ አገር ለመላክ በሚያዘጋጅ ኩባንያ ነበር። መጀመሪያ ተራ የጕልበት ሠራተኛ ነበር፤ በኋላ ግን የሠራተኞች አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። ቀኑን ሙሉ የታረደ በግ እየተሸከመ ማመላለስ ለሌላው ሰው ድካም ብቻ ነው፤ ለሱ ግን ያለ ክፍያ የሚገኝ የሰውነት ማጠንከሪያ ሆነለት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲም ያህል ነበረ። በ1895 ዓ.ም. ፖንሰንቢ በሚባለው የከተማው ክለብ ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት ለኦክላንድ አውራጃ ቡድን ተሰለፈ።

ከዚህ በኋላ የጨዋታው ዘመን በጦርነት ተቋረጠ። እንግሊዞች በደቡብ አፍሪቃ ከቦር ገበሬዎች ጋራ ሲዋጉ፣ ኒው ዚላንድ በፈረስ የሚዋጉ ወታደሮች ትልክ ነበርና፣ ጋላሄር በጃንዋሪ 1901 ዓ.ም. ከስድስተኛው ጓድ ጋራ ሄደ። እስከ 1902 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ቆይቶ የበታች ሹም ማዕርግ አግኝቶ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 28 ሆኖ ነበር፤ ብዙ ተጫዋቾች ስለ ማቆም የሚያስቡበት ዕድሜ ነው። እሱ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቡድኑ አጀማመር መናገር ያስፈልጋል። የኒው ዚላንድ ራግቢ ማኅበር የተቋቋመው በ1892 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቶም ኤሊሰን የተባለ የማኦሪ ተወላጅ ተጫዋች፣ የአገሩ ቡድን ጥቍር ሸሚዝ እንዲለብስና በደረቱ ላይ ፈርን የሚባለው የአገሩ ተክል ቅጠል በብር መልክ እንዲጠለፍበት አሳብ አቀረበ፤ ማኅበሩም ተቀበለው። እስከ ዛሬ ያለው ምልክት ይኸው ነው። ማኦሪዎች ማለት እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት በኒው ዚላንድ የሚኖሩት የአገሩ ሕዝቦች ናቸው። ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾቹ መሬት እየረገጡ የሚያሰሙት ሐካ የሚባለው ፉከራም የነሱ ነው፤ እኛ በአገራችን ፉከራና ሽለላ ስላለን የዚህ ነገር ትርጕም አይጠፋብንም።

ይህ ቡድን በአገር ስም ከሌላ አገር ጋራ ሙሉ ግጥሚያ ያደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ በኦገስት 1903 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ ከአውስትራሊያ ጋራ ነው። ኒው ዚላንድ 22 ለ3 አሸነፈች፤ ጋላሄርም ከተሰለፉት አንዱ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ ከብሪታንያ የመጣውን ቡድን 9 ለ3 ሲያሸንፉ ተጫውቷል። ከዚህ የተነሣ ማኅበሩ በ1905 ዓ.ም. ቡድኑን ወደ ብሪታንያ ልኮ፣ ጨዋታውን ከፈጠሩት ሰዎች ጋራ በአገራቸው ላይ እንዲገጥም ቈረጠ።

በጁላይ 30 ቀን 1905 ዓ.ም. ሪሙታካ የተባለችው መርከብ ተጫዋቾቹን ይዛ ከዌሊንግተን ወደብ ተነሣች። ጕዞው ከወር በላይ የሚወስድ ነበር። መርከቡ ገና ባሕሩን ሳይገምስ ግን በተጫዋቾቹ መካከል ማጕረምረም ተጀመረ። ምክንያቱም ይህ ነበር፦ በዚያ ዘመን ልማድ አምበልን የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ግን የማኅበሩ ሹማምንት አምበሉን ጋላሄርን፣ ምክትሉንም ቢሊ ስቴድን ራሳቸው ሾሙ። ከደቡብ አውራጃዎች የመጡት ተጫዋቾች ደግሞ ለኦክላንድ ልጆች ተደልቷል ብለው ቅር ተሰኙ። በአንድ ጠባብ መርከብ ውስጥ ሰሜንና ደቡብ ሆነው ቢለያዩ፣ ቡድኑ ከእንግሊዝ ሳይደርስ እዚያው ባሕር ላይ መፍረሱ ነበር።

በአገራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚል ተረት አለ። ብዙ ሰው ሹመት ካገኘ በኋላ አጥብቆ ይይዘዋል እንጂ በፈቃዱ አይለቅም። ጋላሄር ግን ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ማጕረምረሙን በሰማ ጊዜ፣ ያጕረመረሙትን ለማስፈራራት ወይም ለሹማምንቱ ለመክሰስ አልፈለገም፤ በተጫዋቾቹ ፊት አምበልነቱን ለመልቀቅ ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ። ምክትሉ ስቴድም እንደዚሁ አደረገ። የቡድኑ መሪ ጆርጅ ዲክሰን ሹመቱ እንዳይፈርስ ቢፈልግም፣ ነገሩ ለተጫዋቾቹ ድምፅ ቀረበ። ሹመቱን የደገፉት 17 ሰዎች ነበሩ፤ የቀሩት አልደገፉትም።

እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ሰው አለቃነቱን የጀመረው እንደማይፈልጉት በግልጽ ከነገሩት ሰዎች ጋራ ነው። ነገር ግን ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ቂም አልያዘም። ዕለቱን ከመርከቡ ወለል ላይ ልምምድ ተጀመረ። የፊት ተጫዋቾቹን ጋላሄር ራሱ ከቢል ከኒንግሃም ጋራ ያሠለጥን ነበር፤ የኋላዎቹን ደግሞ ስቴድ ያሠለጥን ነበር። ስቴድ የደቡብ ሰውና ጫማ ሠሪ ሲሆን፣ በትውልዱም የማኦሪ ደም ነበረበት። የሥጋ ኩባንያ ሠራተኛውና ጫማ ሠሪው፣ አንዱ ከሰሜን አንዱ ከደቡብ ሆነው እንደ ሁለት እጅ ተባብረው ሠሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሴፕቴምበር 16 ቀን 1905 ዓ.ም. በኤክሰተር ከተማ ከዴቨን አውራጃ ቡድን ጋራ ነበር። ዴቨን በእንግሊዝ ከታወቁት ቡድኖች አንዱ ስለ ነበረ ሰው ሁሉ የተጠባበቀው የእንግዶቹን መሸነፍ ነበር። ውጤቱ ግን ኒው ዚላንድ 55፣ ዴቨን 4 ሆነ። ቢሊ ዋላስ የተባለው ተጫዋች ብቻውን 28 ነጥብ አገባ። ዜናው በቴሌግራም ሲተላለፍ አንዳንድ የጋዜጣ አዘጋጆች ስሕተት መስሏቸው ውጤቱን አስተካክለው እንዳተሙት ይነገራል። ኦል ብላክስ የሚለውም ስም በጋዜጦች የታወቀው በዚሁ ጕዞ ነው።

የማሸነፋቸው ምሥጢር ምን ነበር? እኔ እንደምረዳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንግሊዞች ወደ ስክራም ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ ቦታውን ይይዝ ሲባል፣ ኒው ዚላንዶች ግን ለያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ቦታና የተወሰነ ሥራ ሰጥተው ነበር። ሁለተኛ፣ የሰውነታቸው ጥንካሬ እስከ ጨዋታው መጨረሻ አይደክምም ነበር። ሦስተኛ፣ አምበሉ ጥቃቅኑን ነገር ሁሉ ይከታተል ነበር፤ ከጨዋታ በፊትም ተጫዋቾቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ስለሚጠብቃቸው ሥራ እንዲያስቡ ያደርግ ነበር። ብዙዎቻችን ከፈተና በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት በጫጫታ እናሳልፋለን፤ የዚህን ሰው ልማድ ብንከተል የምንጐዳ አይመስለኝም።

ነገር ግን ድሉ ሲበዛ ነቀፋውም በዚያው ልክ በዛ፤ ነቀፋው ሁሉ ደግሞ የወረደው በአምበሉ ራስ ላይ ነበር። እንግሊዞች በስክራም 8 ሰው ሲያስገቡ ኒው ዚላንዶች 7 ብቻ ያስገቡ ነበር። ስምንተኛው ሰው ዊንግ ፎርዋርድ ይባላል፤ እሱም ጋላሄር ነበር። ሥራውም ኳሱን ወደ ስክራሙ መጣልና ከዚያ በስክራሙ ጐን መቆም ነበር። ኳሱ ወደ ኋላ ወጥቶ የራሱ ወገን ተጫዋች ሲያነሣው፣ በጐን የቆመው ጋላሄር ለባላጋራው መንገድ የሚዘጋ መጋረጃ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጋዜጦች አጭበርባሪ ነው እያሉ ጻፉበት፤ በየሜዳው ሕዝቡ ይጮኽበት ነበር፤ ዳኞችም ደጋግመው ይቀጡት ነበር። ከሚመጣበት ርግጫም የተነሣ ቅልጥሙን በመከላከያ ሸፍኖ ይጫወት እንደ ነበር በፎቶግራፍ ይታያል።

በዚህ ነገር እኔ ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው እላለሁ። ጋላሄር የዚያን ዘመን ሕግ አላፈረሰም፤ ግን እስከ ሕጉ ድንበር ጫፍ ድረስ ሄዷል። ሕጉ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ተለውጦ ይህ ቦታ ከጨዋታው ቀርቷል። የሚደነቀው ግን ይህ ሁሉ ስድብ ሲወርድበት ቦታውን ለሌላ ሰጥቶ ራሱን አለማዳኑ ነው። የተጠላውን ሥራ አምበሉ ራሱ ያዘው፤ ተጫዋቾቹ በሰላም እንዲጫወቱ ነቀፋውን እሱ ተሸከመላቸው። በመርከብ ላይ ያልደገፉት ሰዎች ልባቸው የተመለሰው በዚህ ይመስለኛል።

በኖቬምበር 18 ቀን ከስኮትላንድ ጋራ የተደረገው ግጥሚያ አንድ አስገራሚ ነገር አለበት። የስኮትላንድ ማኅበር ሕዝብ የማይመጣ መስሎት ለእንግዶቹ የገንዘብ ዋስትና ከመስጠት ይልቅ የበሩን ገቢ ሁሉ እንዲወስዱ ተስማማ። ሕዝቡ ግን ጐርፎ መጣና ኒው ዚላንዶች ከዋስትናው ብዙ እጥፍ የሆነ ገንዘብ አገኙ። ጨዋታውንም ወደ መጨረሻው ድረስ 7 ለ6 እየተመሩ ቆይተው 12 ለ7 አሸነፉ። ገንዘቡ ግን ለማኅበሩ እንጂ ለተጫዋቾቹ አልነበረም። የተጫዋቹ ድርሻ ያው በቀን 3 ሽልንግ ነበር፤ ምክንያቱም በራግቢ ማኅበር ሕግ ለመጫወት ገንዘብ የተቀበለ ሰው ከጨዋታው ይባረር ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ቡድኑ ወደ አየርላንድ፣ ጋላሄር ወደ ተወለደበት አገር ሄደ። በስኮትላንዱ ግጥሚያ እግሩ ተጐድቶ ስለ ነበረ ግን በትውልድ አገሩ ሳይሰለፍ ቀረ። በሱ ፈንታ ስቴድ እየመራ 15 ለ0 አሸነፉ። እንግሊዝንም በዲሴምበር 2 ቀን ለንደን ላይ በዚሁ ቍጥር 15 ለ0 አሸነፏት፤ በዚህ ቀን ዱንካን ማክግሬጎር ብቻውን 4 ትራይ አገባ።

አሁን ደግሞ ወደ ዲሴምበር 16 ቀን 1905 ዓ.ም. እንድረስ። በዌልስ አገር በካርዲፍ ከተማ 47,000 ሰው ተሰብስቧል። ኒው ዚላንዶች ሐካቸውን ሲያሰሙ፣ የዌልስ ተጫዋቾች በቴዲ ሞርገን ጀማሪነት የአገራቸውን መዝሙር መዘመር ጀመሩ፤ የተሰበሰበውም ሕዝብ አብሮ ዘመረ። በእረፍት ሳይደርሱ ይኸው ሞርገን በሜዳው ጐን ሮጦ ትራይ አገባ፤ 3 ለ0 ሆነ። ዳኛው ጋላሄርን በስክራም ደጋግሞ ስለ ቀጣው፣ በመጨረሻ ተጫዋቾቹ ለኳሱ እንዳይሻሙ እስከ ማዘዝ ደረሰ። በሁለተኛው ክፍል ጊዜ ዋላስ ኳሱን ይዞ ሮጦ ለቦብ ዲንስ አቀበለው፤ ዲንስም ከመስመሩ ላይ ተያዘና ወደቀ። ኒው ዚላንዶች ኳሱን ከመስመሩ አሻግሮ አሳርፎታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኋላ የተጐተተው ይላሉ፤ ዌልሶች ፈጽሞ አልደረሰም ይላሉ። ዳኛው ከኋላ ነበርና ሲደርስ ትራዩን አልተቀበለም። ጨዋታው 3 ለ0 አለቀ። ይህ ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እስከ ዛሬ አልተቈረጠም።

ጋላሄር በዚያ ምሽት ያደረገውን ልብ በሉ። 27 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በ28ኛው በእንዲህ ያለ ነገር የተሸነፈ ሰው፣ ዳኛውን ለመውቀስ ምክንያት አላጣም። እሱ ግን ጨዋታው መልካም እንደ ነበረና የተሻለው ቡድን እንዳሸነፈ፣ በውጤቱም ቅር እንዳላለው ተናገረ። አምበሉ ይህን ባይል ኖሮ፣ ተጫዋቾቹ የቀሩትን ጨዋታዎች በንዴት ይጫወቱ ነበር። እነሱ ግን በዚያው በዌልስ አገር አራት ሌሎች ቡድኖችን አሸነፉ። ካርዲፍን 10 ለ8፣ ስዋንሲን 4 ለ3 ያሸነፉት በጭንቅ ነበር።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1906 ዓ.ም. በፓሪስ ከፈረንሳይ ጋራ ገጥመው 38 ለ8 አሸነፉ። ፈረንሳይ በአገር ስም የመጀመሪያ ሙሉ ግጥሚያዋን ያደረገችው በዚያን ቀን ነው። ከዚያ በአሜሪካ በኩል ሁለት ጨዋታ አድርገው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጠቅላላው 35 ጨዋታ ተጫውተው 34ቱን አሸነፉ፤ 976 ነጥብ ሲያገቡ የገባባቸው 59 ብቻ ነበር። ጋላሄርና ስቴድም አብረው ስለ ራግቢ አጨዋወት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፈው በ1906 ዓ.ም. አሳተሙ። በ13 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅ የመጽሐፍ ደራሲ ለመሆን በቃ።

ከድሉ በኋላ የገንዘብ ነገር መነሣቱ አልቀረም። ማኅበሩ በብዙ ሺሕ ፓውንድ ሲያተርፍ፣ ተጫዋቾቹ ወደ ፋብሪካቸውና ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ስለዚህ በ1907 ዓ.ም. አልበርት ባስከርቪል የተባለ ወጣት ሌላ ቡድን አቋቍሞ፣ ለተጫዋች ገንዘብ ወደሚከፈልበት ወደ ሰሜን እንግሊዝ ወሰደ። ከ1905ቱ ቡድን 4 ሰዎች አብረውት ሄዱ፤ ከራግቢ ማኅበርም ተለዩ። ጋላሄር ግን ከማኅበሩ ጋራ ቀረ። የሄዱትን ሰዎች ለመንቀፍ አልደፍርም፤ የቤተ ሰብ እንጀራ ከባድ ነገር ነው። ማኅበሩ ራሱ ለተጫዋች ደመወዝ እንዲከፈል የፈቀደው በ1995 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከ88 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጋላሄር መጫወቱን ከተወ በኋላ በ1906 ዓ.ም. አገባ፤ በ1908 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደ። በሥጋው ኩባንያ እየሠራ፣ ለኦክላንድ ቡድን ከ1906 እስከ 1916 ዓ.ም.፣ ለአገሩ ቡድን ደግሞ ከ1907 እስከ 1914 ዓ.ም. ተጫዋቾችን የሚመርጥ ሆነ። በሱ መራጭነት ዘመን ኦል ብላክስ 50 ጨዋታ ተጫውተው 44ቱን አሸነፉ፤ 4 ተሸነፉ፤ 2 እኩል ወጡ። ኦክላንድም የአውራጃዎችን ጋሻ ከ1905 እስከ 1913 ዓ.ም. ድረስ 23 ጊዜ ሳያስነጥቅ ጠበቀ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዕድሜው ስላለፈ ማንም ሊያስገድደው አይችልም ነበር። እሱ ግን በሜይ 1916 ዓ.ም. በፈቃዱ ተመዘገበ፤ ዕድሜውንም በ3 ዓመት ቀንሶ አስጻፈ። ብዙ ሰዎች የዘመተው የታናሽ ወንድሙን ደም ለመመለስ ነው ይላሉ። ቀኑን ስናስተያይ ግን ወንድሙ ዳግላስ በፈረንሳይ የሞተው በጁን 3 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ጋላሄር ከዚያ በፊት ተመዝግቧል። ስለዚህ የዘመተው በቀል ፈልጎ ሳይሆን፣ ያሠለጠናቸው ወጣቶች ሁሉ ሲሄዱ እቤት መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት ነው ብዬ አምናለሁ።

በኦክቶበር 4 ቀን 1917 ዓ.ም. የኒው ዚላንድ ወታደሮች በቤልጅክ አገር ግራቨንስታፈል የሚባለውን ኮረብታ ሊይዙ ወጡ። ይህ ውጊያ ፓሸንዳሌ የተባለው ታላቅ ጦርነት አንድ ክፍል ነው። የሃምሳ አለቃ ጋላሄር ወታደሮቹን ይዞ ሲሄድ የመድፍ ፍንጣሪ የብረት ቆቡን በስቶ ራሱን መታው። ወደ ሕክምና ጣቢያ ቢወሰድም በዚያው ቀን ሞተ። ዕድሜው 43 ዓመት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል ሌላው ወንድሙ ሄንሪም በጦርነቱ ሞተ። ያቺ መምህርት በካቲካቲ ያሳደገቻቸው ሦስት ልጆቿ በአውሮፓ አፈር ቀሩ።

መቃብሩ ፖፐሪንገ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ናይን ኤልምስ በተባለው የጦር ሠራዊት መካነ መቃብር ይገኛል። በድንጋዩ ላይ የፈርን ቅጠል ተቀርጾበታል፤ ዕድሜው ግን 41 ተብሏል። ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ኦል ብላክስ በተለያየ ጊዜ መቃብሩን ይሳለማሉ። በኦክላንድ ክለቦች የሚሻሙበት ጋሻ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ ይጠራል፤ ኒው ዚላንድና ፈረንሳይ የሚጋጠሙበት ዋንጫም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የጋላሄር ዋንጫ ይባላል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በኦክላንድ ስታዲየም አጠገብ የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እኔ ከዚህ ሰው ታሪክ የማነሣው የ55 ለ4ቱን ድል ወይም የነሐስ ሐውልቱን አይደለም። የማነሣው በመርከብ ላይ ያገኛቸውን 17 ድምፆች ነው። በየዓመቱ በየክፍሉ አለቃና አምበል ስንመርጥ፣ የተመረጠው ሰው ያልመረጡትን እንደ ጠላት፣ ያልመረጡትም እሱን እንደ ቀማኛ ሲመለከቱት ይታያል። ጋላሄር ግን ሥልጣኑን አውጥቶ በጓደኞቹ ፊት አኖረው፤ መልሰው ሲሰጡት ደግሞ ካልደገፉት ጋራ አብሮ ሠራ፤ ስድቡን ለራሱ፣ ድሉን ለሁሉ አደረገ። ከዚያ መርከብ ከወረዱ በኋላ ሰሜንና ደቡብ የሚባል ቡድን አልታየም፤ የታየው ሁሉም ጥቍር የለበሰ አንድ ቡድን ነው። በሚመጣው ዓመት ከመካከላችን አምበል የሚሆነው ማንም ቢሆን ይህን ቢያስብ፣ እኛም ያልመረጥነውን ሰው እስኪሠራ ድረስ ብንታገሠው፣ ለትምህርት ቤታችን ከዋንጫ የሚበልጥ ነገር እናተርፍለታለን።